ጥሬ ምግብና ዮጋ፦ ጋንዲ በገዛ አካላቸው የፈተኑት

 

ሰሞኑን ወደ ፕሮግራማችን ከሚደውሉ ሰዎች አንድ ጥያቄ ደጋግሞ ይመጣል። ምግብ ማብሰል ትቶ ጥሬ አትክልት፣ ፍራፍሬና የበቀለ እህል ብቻ መብላት፣ ጠዋት ጠዋት ደግሞ ዮጋ መሥራት ስኳርንና የደም ግፊትን ያጠፋል ወይ የሚል ነው። የሚጠይቁት ወጣቶች ብቻ አይደሉም፤ ልጆቻቸው በስልክ ያሳዩአቸው እናቶችና አባቶችም ይጠይቃሉ። አንዳንዱ ሳይጠይቅ ጀምሮታል። መድኃኒቱን ያቆመም አለ። እኔን ያሳሰበኝ ይሄኛው ነው።

እኔ ሐኪም አይደለሁም፤ ብዙ ዓመት ልጆች ያስተማርኩ መምህር ነኝ። መምህር ጥያቄ ሲከብደው ታሪክ ይናገራል። ስለዚህ ዛሬ ይህንኑ ነገር ከኛ በፊት በገዛ አካላቸው ደጋግመው የሞከሩ የአንድ ታላቅ ሰው ሕይወት ልንገራችሁ። ሰውየው የሕንዱ ማህተማ ጋንዲ ናቸው።

ወደ ነገቭ ወርዳችሁ በስዴ ቦከር የዳዊት ቤን ጉርዮንን ቤት የጎበኛችሁ፣ በመኝታ ክፍላቸው ግድግዳ ላይ የጋንዲን ፎቶግራፍ አይታችሁ ይሆናል። ቤን ጉርዮን ራሳቸውም እ.ኤ.አ. በ1957 በሄርጽሊያ የባሕር ዳርቻ በጭንቅላታቸው ቆመው የተነሱት ፎቶ በአገሩ ሁሉ የታወቀ ነው። ጋንዲን ሁላችንም የምናውቃቸው ያለ ጦር መሣሪያ እንግሊዝን የታገሉ መሪ አድርገን ነው። ከዚያ ትግል ጎን ለጎን ግን ዕድሜ ልካቸውን ሌላ ትግል ነበረባቸው፤ ከሆዳቸውና ከምላሳቸው ጋር።

አንድ ነገር አስቀድሜ ላስታውስ። ጥሬ ስል ጥሬ ሥጋ እንዳይመስላችሁ፤ እሱን እኛ ቤተ እስራኤሎች ድሮም በአገራችን ሳለን አንበላም ነበር። እዚህ ላይ ጥሬ የምንለው እሳት ያልነካው እህል፣ አትክልትና ፍራፍሬ ነው። ዓመተ ምሕረቱም ሁሉ በአውሮፓ አቆጣጠር ነው።

ፀሐይ ካላየች የማትበላ እናት

ሞሃንዳስ ጋንዲ ጥቅምት 2 ቀን 1869 በምዕራብ ሕንድ፣ በጉጃራት፣ ፖርባንዳር በምትባል የወደብ ከተማ ተወለዱ። አባታቸው የአንድ ትንሽ ግዛት ዋና ሹም ነበሩ። እናታቸው ፑትሊባይ ጾመኛ ሴት ነበሩ። በክረምት ወራት ፀሐይን ሳላይ እህል አልቀምስም ብለው የሚሳሉበት ጊዜ ነበር። ልጆቹ ደጅ ቆመው ሰማይ ሰማይ ያያሉ፤ ፀሐይ ብቅ ስትል እየሮጡ ይነግሯቸዋል። እናት እስኪወጡ ድረስ ደመናው መልሶ ይሸፍናታል። እሳቸውም ሳይከፉ፣ ፈጣሪ ዛሬ እንድበላ አልፈቀደም ብለው ወደ ሥራቸው ይመለሳሉ። የኛን አገር የጾም ሥርዓት የሚያውቅ ሰው እኚህን እናት ለመረዳት አይቸገርም።

ቤተሰቡ ሥጋ አይበላም ነበር። ወጣቱ ሞሃንዳስ ግን አንድ ጓደኛ አሳታቸው። እንግሊዞች የሚገዙን ሥጋ ስለሚበሉ ነው፣ ጉልበት የሚገኘው ከሥጋ ነው እያለ አሳመናቸው። ተደብቀው የፍየል ሥጋ በሉ። የመጀመሪያው ቀን ሌሊት እንቅልፍ አጡ፤ ፍየሏ በሆዳቸው ውስጥ የምትጮህ ይመስላቸው ነበር። ቢሆንም አንድ ዓመት ያህል አልፎ አልፎ በድብቅ መብላታቸውን ቀጠሉ። በመጨረሻ ያስተዋቸው ሥጋው ሳይሆን ውሸቱ ነው። በልተው እየመጡ ለእናታቸው ሆዴን አሞኛል ማለት ከበዳቸው።

በ1888 ሕግ ለመማር ወደ ለንደን ሲሄዱ ሥጋና መጠጥ እንደማይነኩ፣ ወደ ሴትም እንደማይሄዱ ለእናታቸው ማሉ። ለንደን ላይ ያልተቀመመ ቅቅል አትክልትና ዳቦ እየበሉ ተራቡ። በእግራቸው ከተማውን ሲያስሱ ፋሪንግደን መንገድ ላይ ሥጋ የማይቀርብበት ምግብ ቤት አገኙ። እዚያው መግቢያው ላይ ሄንሪ ሶልት የሚባል ጸሐፊ ሥጋ ስላለመብላት የጻፈውን መጽሐፍ ገዙ። እስከዚያ ቀን ሥጋ ያልበሉት ለእናታቸው በገቡት ቃል ነበር፤ ከዚያ በኋላ ግን በራሳቸው እምነት ሆነ። የለንደን የአትክልት ተመጋቢዎች ማኅበር የሥራ ኮሚቴ አባልም ሆኑ። ጥሬ ምግብ ከበሰለ ይሻላል የሚለውንም ሐሳብ ያገኙት በዚሁ ማኅበር ሰዎች መካከል ነው።

የመጀመሪያው የጥሬ ምግብ ሙከራ

በ1893 ጠበቃው ጋንዲ ወደ ደቡብ አፍሪካ ሄዱ። በዚያው ዓመት በነሐሴ ወር ፕሪቶሪያ ከተማ ሳሉ፣ ዕድሜያቸው ገና 23 ሳለ፣ ምግባቸውን ከእሳት አራቁ። ስንዴ፣ አተርና ሩዝ በውሃ ዘፍዝፈው ሳያበስሉ ይበላሉ፤ ዘቢብ፣ ለውዝና ብርቱካን ይጨምሩበታል። የሚበሉትን በየቀኑ በማስታወሻ ይመዘግቡ ነበር።

ያሰቡት ነገር ጥሩ ነበር። እንጨትና ጊዜ ይቆጥባል፣ ድሃም ሀብታምም እኩል ሊበላው ይችላል፣ ሰውነትም ይጠነክራል ብለው ነበር። ማስታወሻው ግን ሌላ ነገር መዘገበ። ይርባቸዋል፣ ይደክማቸዋል፣ ጥርሳቸውን ያማቸዋል፣ ሆዳቸውም አልተስማማም። ሁለት ሳምንት ሳይሞላ ተዉት። በሚቀጥለው ዓመት፣ በ1894፣ ሙከራውንና መክሸፉን ለንደን በሚታተመው የማኅበሩ መጽሔት ላይ ራሳቸው ጽፈው አወጡ። ያልተሳካለትን ነገር በገዛ እጁ ጽፎ ለሰው የሚያሳይ ሰው ጥቂት ነው። ይህ ልማድ ግን እስከ ሞታቸው አልተለያቸውም።

ዮጋ ለጋንዲ ምን ነበር?

ዮጋ የሚለው ቃል ከጥንቱ የሕንድ ቋንቋ ከሳንስክሪት የመጣ ነው። ሥሩ ማጣመድ፣ መጥመድ ማለት ነው። ሁለት በሬ በአንድ ቀንበር እንደሚጠመድ ሁሉ፣ ዮጋም አካልንና አእምሮን በአንድ ቀንበር ሥር ማዋል ነው። እዚህ አገር በማትናስና በስፖርት ቤት የምናየው መተጣጠፍና መዘርጋት የዮጋ አንዱ ክፍል ብቻ ነው።

ጋንዲ ዮጋን በቁም ነገር ማንበብ የጀመሩት በ1903 ገደማ ጆሃንስበርግ ሳሉ ነው። ከጓደኞቻቸው ጋር ተሰብስበው የስዋሚ ቪቬካናንዳን የዮጋ መጽሐፍና የጥንቱን ሊቅ የፓታንጃሊን ትምህርት ያነቡ ነበር። ባጋቫድ ጊታ የተባለውንም የሂንዱዎች ቅዱስ መጽሐፍ በቃላቸው መያዝ ፈለጉ፤ ጊዜ ግን አልነበራቸውም። ዘዴ አገኙ። ጠዋት ጥርሳቸውን በመፋቂያ ሲፍቁ 15 ደቂቃ ይፈጅባቸዋል። ጥቂት ጥቂት ስንኝ በወረቀት ጽፈው ግድግዳው ላይ ይለጥፋሉ፤ ጥርሳቸውን እየፋቁ ያጠናሉ። እንዲህ አድርገው 13 ምዕራፍ በቃላቸው ያዙ። መምህር ስለነበርኩ ይህን ታሪክ በጣም እወደዋለሁ፤ ጊዜ የለኝም ለሚል ተማሪ ሁሉ ስነግረው ኖሬአለሁ።

ፓታንጃሊ የዮጋን መንገድ ስምንት ደረጃ ያደርገዋል። የሰውነት አቀማመጥ ሦስተኛው፣ የትንፋሽ ሥራ አራተኛው ነው። ከሁሉ በፊት የሚመጣው ግን አምስት የጠባይ ሕግ ነው፤ አለመጉዳት፣ እውነት መናገር፣ አለመስረቅ፣ ፍትወትን መግዛትና ንብረት አለማከማቸት። ጋንዲ በ1915 በአህመዳባድ ከተማ አሽራም የሚባለውን የጋራ መኖሪያቸውን ሲያቋቁሙ እነዚህን አምስቱን የነዋሪዎቹ መሐላ አደረጓቸው። ከራሳቸውም ጨመሩ፤ ከጨመሩት አንዱ ምላስን መግዛት ነው። ምግብ እንደ መድኃኒት ተለክቶ ለአካል መጠበቂያ ይበላል እንጂ ለጣዕም አይበላም ብለው ያምኑ ነበር። ጥሬ ምግብና ዮጋ በእሳቸው ሕይወት የተገናኙት እዚህ ላይ ነው። ምላሱን ያልገዛ ሰው እግሩን አንገቱ ላይ ቢጠመጥም ለእሳቸው ዮጋ አልሠራም ማለት ነበር።

ሁለት ጓደኛሞች በቶልስቶይ እርሻ

በ1910 ሄርማን ካለንባህ የሚባል አይሁዳዊ አርክቴክት በጆሃንስበርግ አጠገብ 1,100 ኤከር መሬት ገዝቶ ለጋንዲና ለትግል ጓዶቻቸው ያለ ክፍያ እንዲኖሩበት ሰጠ። ስሙንም በሩሲያዊው ጸሐፊ በቶልስቶይ ሰየሙት። እዚያ ሁሉም በእጁ ይሠራል፣ ሥጋ፣ መጠጥና ትምባሆ የለም። ለግል ጉዳዩ ከተማ የሚሄድ ሰው በእግሩ ነው የሚሄደው፤ መንገዱ 21 ማይል፣ ወደ 34 ኪሎ ሜትር ነበር። ሌሊት ተነስተው ጉዞ ይጀምሩ ነበር።

ካለንባህ ቅንጡ ኑሮ የለመደ ሰው ነበር። ከጋንዲ ጋር ሲወዳጅ ግን ያን ሁሉ ተወ። በ1912 ሁለቱም ወተት አቆሙ። ቀጥለውም ማብሰልን ጭራሽ ትተው በፍራፍሬ ብቻ መኖር ጀመሩ። ያልተቆላ ለውዝ፣ ሙዝ፣ ተምር፣ ሎሚና የወይራ ዘይት ምግባቸው ሆነ። ይህ ከፕሪቶሪያው ይልቅ ረጅም ጊዜ ቆየ። በእርግጥ በዚያ ዕድሜያቸው ሁለቱም ጠንካሮች ነበሩ፤ ቀኑን ሙሉ ይሠራሉ፣ ይራመዳሉ። ጋንዲ ያንን ጊዜ ምንጊዜም በደስታ ያነሱት ነበር።

በ1914 ጋንዲ ደቡብ አፍሪካን ለቀው በለንደን በኩል ወደ አገራቸው ሲመለሱ ካለንባህ አብሮ ሊሄድ ነበር። አንደኛው የዓለም ጦርነት ተነሳና ጀርመናዊ ዜጋ ነህ ተብሎ በእንግሊዝ ታሰረ። ሁለቱ ጓደኛሞች ዳግም የተያዩት በ1937 ነው። ካለንባህ በ1945 ደቡብ አፍሪካ ውስጥ አረፈ፤ አመዱ ግን እዚሁ እኛ አገር፣ ኪኔሬት አጠገብ በደጋንያ አሌፍ ቅቡጽ ተቀብሯል። በ1938 ጋንዲ በጀርመን ላሉ አይሁዶች የሰጡት ያለ ኃይል የመቃወም ምክር ብዙ አይሁዶችን አሳዝኖ፣ ማርቲን ቡበርና ይሁዳ ማግነስ ከኢየሩሳሌም መልስ ጽፈውላቸዋል። ይህን ሳላነሳ ባልፍ ታሪኩ ጎደሎ ይሆናል።

የፍየል ወተት

ጋንዲ ወተት የተዉት በሁለት ምክንያት ነበር። አንደኛው ወተት ፍትወትን ይቀሰቅሳል ብለው ማመናቸው ነው። ሁለተኛው በካልካታ አንዳንድ ወተት ነጋዴዎች ላሟ እስከ መጨረሻው ጠብታ እንድትታለብ የሚያደርሱባትን ጭካኔ መስማታቸው ነው። ስለዚህ ወተት ላይጠጡ ማሉ።

በ1918 ክረምት፣ ዕድሜያቸው 48 ሳለ፣ ተቅማጥ ያዛቸው። ትንሽ ሻል ሲላቸው የበዓል ቀን መጣ። ባለቤታቸው ካስቱርባ በዘይት የተሠራ ጣፋጭ የስንዴ ገንፎና የማሾ ወጥ አዘጋጁ። ጋንዲ አልበላም ብለው ነበር፤ ምላሳቸው አሸነፋቸውና በሉ። በአንድ ሰዓት ውስጥ ሕመሙ ጸናባቸው። መድኃኒት አልወስድም፣ መርፌ አልወጋም አሉ። ሰውነታቸው አልቆ ሞቴ ደረሰ ብለው እስኪያስቡ ድረስ ወደቁ። አያችሁ፣ ሰውየው ስለ ምላስ መግዛት ሲያስተምሩ ፍጹም ስለሆኑ አልነበረም፤ መውደቁን ስለሚያውቁት ነው።

ከወራት በኋላ አንድ የቦምቤይ ሐኪም ወተት ካልጠጡ ይህን አካል መልሼ ልገነባው አልችልም ብሎ ቁርጡን ነገራቸው። ጋንዲ መሐላ አለብኝ አሉ። ካስቱርባ አልጋው አጠገብ ቆመው ይሰሙ ነበር። ሲምሉ ያሰቡት የላምና የጎሽ ወተት ነው እንጂ የፍየል አይደለም፤ የፍየል ወተት ቢጠጡ ምን አለበት አሉ። ሐኪሙም ይበቃል አለ። ጋንዲ ጠጡ፣ ዳኑም።

ደስ አላላቸውም። የመሐላውን ቃል ጠብቀው መንፈሱን እንዳፈረሱ ያውቁ ነበር፤ ይህንንም በሕይወት ታሪካቸው ውስጥ ሳይደብቁ ጽፈውታል። በሕይወት መቆየትና አገሬን ማገልገል ፈለግሁ፣ ለዚያ ስል ሸነፍ አልኩ የሚል ነበር ሐሳባቸው። እኔ ግን ይህን ታሪክ ባነበብኩ ቁጥር የካስቱርባ ብልሃት ይደንቀኛል። በየቤታችን እንዲህ ያለች ሴት አትጠፋም። የሁሉም ክርክር ሲያልቅ በሽተኛውን የምታድነው እሷ ናት።

የደም ግፊትና የዮጋ መምህሩ

በጥር 1924 ጋንዲ በፑኔ ከተማ እስር ቤት ሳሉ የትርፍ አንጀት ሕመም አጣደፋቸው። ወደ ሳሱን ሆስፒታል ተወስደው እንግሊዛዊ ሐኪም ቀዶ ጥገና አደረገላቸው። ሆስፒታሉ ከባግዳድ ወደ ሕንድ በሄደው አይሁዳዊ ነጋዴ በዴቪድ ሳሱን ገንዘብ የተሠራ ነው። የምዕራባውያንን ሕክምና አጥብቀው ሲተቹ የኖሩ ሰው ናቸው፤ ነገር ግን ሕይወታቸው በቢላዋው ስትድን ሐኪሙን ከልብ አመስግነዋል።

በመጋቢት 1927 ደግሞ ያለ ዕረፍት አገሩን እየዞሩ ሲናገሩ ደከሙና ወደቁ። ሐኪሞች የደም ግፊታቸው ከፍ ማለቱን ነግረዋቸው በደቡብ ሕንድ በናንዲ ተራራ ለጥቂት ወራት እንዲያርፉ አደረጉ።

በዚህ ጊዜ ነው ከስዋሚ ኩቫላያናንዳ ጋር በደብዳቤ የተገናኙት። ኩቫላያናንዳ በ1924 በሎናቭላ ከተማ ካይቫልያዳማ የተባለውን የዮጋ ምርምር ተቋም የመሠረቱ ሰው ናቸው። የዮጋ እንቅስቃሴ በሰውነት ላይ የሚያመጣውን ለውጥ በራጅና በመለኪያ መሣሪያ ሲመረምሩ ከመጀመሪያዎቹ አንዱ ነበሩ። ጋንዲም ለግፊታቸው የሚሆን እንቅስቃሴ ጠየቋቸው፤ የታዘዙትን ቀስ እያሉ ሞከሩ፣ የተሰማቸውንም መልሰው ጻፉ። ሐኪሞቻቸውን ግን አልተዉም። መምህሩ የሚለውንና ሐኪሙ የሚለውን አንድ ላይ ይዘው ነበር የሚሄዱት።

ዛሬም ጥሩ የዮጋ መምህር ይህንኑ ይላችኋል። የደም ግፊት ላለበት ሰው በጭንቅላት መቆምና ራስን ወደ ታች ማድረግ አይመከርም። በጀርባ ተንጋሎ ሰውነትን ማላላት፣ በርጋታ መተንፈስ፣ ቀስ ብሎ መዘርጋት ሌላ ነገር ነው። የቤን ጉርዮንን ፎቶ አይታችሁ ነገ ጠዋት ሳሎን ውስጥ እግራችሁን ወደ ላይ እንዳትሰቅሉ አደራ! እሳቸውም ቢሆኑ ከአስተማሪያቸው ከሞሼ ፈልደንክራይስ ተምረው ነው።

የ1929 ትልቁ ሙከራ

በ1929 ጋንዲ 59 ዓመታቸው ነበር። ከወጣትነታቸው ጀምሮ ያልወጣላቸው ሐሳብ ተመልሶ መጣ። ራሱ በጥሬ ምግብ የሚኖር አንድ ሰው አግኝተው ተመክረው፣ በሳባርማቲ ባለው አሽራማቸው ዳግመኛ ጥሬ መብላት ጀመሩ። የአሽራሙ ሰዎችም ብዙዎች ተከተሏቸው።

ምግባቸው በሚዛን የተለካ ነበር። የበቀለ ስንዴ፣ የተፈጨ አልሞንድ፣ የተወቀጠ ቅጠላ ቅጠል፣ ሎሚና ማር ነበር። የበቀለ ስንዴ ማለት እኛ ብቅል የምንለው ነው፤ ልዩነቱ ሳይደርቅና ሳይፈጭ መበላቱ ነው። ጥርሳቸው ስለረገፈ ማኘክ አልቻሉም፤ ሁሉም ተወቅጦና ተፈጭቶ ይቀርብላቸዋል። የፍየሉንም ወተት ተዉ። በጋዜጣቸው ላይ በየጊዜው የበሉትን፣ ክብደታቸውን፣ የጓደኞቻቸውን ሁኔታ ይጽፉ ነበር። ሐኪሞችም እንዲመረምሩትና እንዲተቹት ጋበዙ።

ዓላማቸው ለራሳቸው ጤና ብቻ አልነበረም። በሕንድ መንደር ያለች ድሃ ሴት ጭስ ውስጥ ተቀምጣ ቀኑን ሙሉ የምታበስለው ድካም ቢቀርላት፣ የማገዶውም ወጪ ቢቀርላት የሚል ምኞት ነበራቸው። ከጎንደር ገጠር የመጣን ሰዎች እናቶቻችን ማገዶ ተሸክመው፣ ዓይናቸው በጭስ ሲያለቅስ ያየን፣ ይህን ምኞት ልንስቅበት አንችልም።

ነገር ግን አካል ምኞትን አይሰማም። ከአሽራሙ ሰዎች አንዳንዱ ከሳ፣ አንዳንዱ ታመመ፣ ብዙዎቹም ተዉት። በነሐሴ ወር ጋንዲ ራሳቸው በተቅማጥ ወደቁ። ወደ ፍየል ወተትና ወደ በሰለ ምግብ ተመለሱ። ይህንንም በጋዜጣቸው ለሕዝብ ተናገሩ። በሐሳቡ ላይ የነበራቸው እምነት አልጠፋም፤ ነገር ግን ያለ አዋቂ ክትትል ማንም እንዳይሞክረው፣ የሞከሩትም ጤናቸው ከተጓደለ ቶሎ እንዲተዉት አስጠነቀቁ።

እዚህ ላይ የኛ እናቶች የሚያውቁትን ልጨምር። እሳት ለጣዕም ብቻ አይደለም። ግብጦን ያለ መቁላትና ያለ ብዙ ቀን መዘፍዘፍ ማን ይበላዋል? ምሬቱ መርዝ ነው። ቀይ ባቄላም ጥሬውን ቢበሉት ያስታውካል። ደግሞም ቢ12 የሚባለው ቫይታሚን ከሥጋ፣ ከወተትና ከእንቁላል እንጂ ከአትክልት አይገኝም፤ እጥረቱ ደምና ነርቭ ይጎዳል። ጋንዲ በ1893 ወይም በ1929 ይህን ሊያውቁ አይችሉም ነበር፤ ቢ12 ተለይቶ የወጣው እሳቸው በሞቱበት በ1948 ነው። ያለ ወተት የሚጎድልባቸው ነገር እንዳለ ግን ከአካላቸው ተምረዋል።

ከሙከራው በኋላ

ከዚያ ሕመም ሰባት ወር በኋላ፣ መጋቢት 12 ቀን 1930፣ ጋንዲ ምርኩዛቸውን ይዘው ከሳባርማቲ ተነሱ። በ78 ተከታዮች ታጅበው እስከ ዳንዲ የባሕር ዳርቻ ወደ 385 ኪሎ ሜትር በ24 ቀን ተጓዙ። ሚያዝያ 6 ቀን ከባሕሩ ዳር ጨው አነሱና የእንግሊዝን የጨው ሕግ ጣሱ። የሕንድ ነጻነት ትግል ትልቁ ምዕራፍ ይህ ነው። በነሐሴ ወር ግትር ብለው፣ ከቃሌ ዝንፍ አልልም ብለው ቢቀጥሉ ኖሮ በመጋቢት ያን መንገድ መራመድ ባልቻሉ ነበር ብዬ አስባለሁ።

የደም ግፊታቸው ከዚያ በኋላም አልተዋቸውም። በ1940 እስከ 220 በ110 የደረሰበት ጊዜ እንደነበር የሕክምና መዝገባቸው ያሳያል። ክብደታቸው 46.7 ኪሎ ብቻ የነበረ፣ ሥጋ የማይበላ፣ የማያጨስ፣ በየቀኑ ረጅም መንገድ የሚራመድ ሰው ነው! ይህን ለምን እላለሁ? ግፊት ከምግብ ብቻ እንደማይመጣ፣ በምግብ ብቻም እንደማይጠፋ እንድናውቅ ነው።

በ1942 እንደገና ታስረው ሳሉ ስለ ጤና አንድ ትንሽ መጽሐፍ ጻፉ። በዚያን ጊዜ 73 ዓመታቸው ነበር። ሰውየው ለስልሰዋል። ከቅጠላ ቅጠሉ የተወሰነው ጥሬውን ይበላ ይላሉ፤ ሁሉም ይተው ግን አይሉም። ወተትን የሚተካ የአትክልት ምግብ እስኪገኝ ድረስ ወተት እንደሚያስፈልግ ያምናሉ፤ እንዲገኝም ይመኛሉ። በ1946 በኡሩሊ ካንቻን መንደር ለድሆች የተፈጥሮ ሕክምና ማዕከል አቋቋሙ።

ጥር 30 ቀን 1948 በዴልሂ ወደ ማታ ጸሎት ሲሄዱ ናቱራም ጎድሴ የተባለ ሰው በሽጉጥ ተኩሶ ገደላቸው። 78 ዓመታቸው ነበር።

እንግዲህ ምን እንያዝ?

ውድ አድማጮቻችን፣ ከአገራችን ስንመጣ ስኳር በሽታ ብርቅ ነበር። እዚህ ግን ነጭ ዳቦው፣ ጣፋጭ መጠጡ፣ ቁጭ ብሎ መዋሉ ጎድቶናል። አትክልት መጨመር፣ ሰውነት ማንቀሳቀስ፣ በርጋታ መተንፈስ ይጠቅመናል፤ ይህን የሚቃወም ሐኪም የለም። ሰላጣውን ብሉ፣ ዮጋውንም ሥሩ። የምስር ወጡንና ጎመኑን ግን ከምድጃው አታባርሩ።

ከጋንዲ የምወስደው የሚበሉትን ዝርዝር አይደለም። አንደኛ፣ የሚሞክሩትን ይመዘግቡ ነበር፤ እናንተም ደብተር ያዙ፣ ስኳራችሁንና ግፊታችሁን ለክታችሁ ጻፉ። ሁለተኛ፣ ሐኪም ያማክሩ ነበር፤ እናንተም ምግብ ከመቀየራችሁ በፊት ኩፓት ሆሊም ሄዳችሁ የቤተሰብ ሐኪማችሁን ጠይቁ፤ የቢ12 የደም ምርመራም ይደረግላችሁ። መድኃኒት በገዛ እጃችሁ አታቁሙ። ምግብ ስትቀይሩ የመድኃኒቱ መጠን መቀየር ሊኖርበት ይችላል፤ ያንን የሚወስነው ግን ሐኪሙ ነው። ሦስተኛውና ትልቁ ደግሞ፣ አካላቸው አይሆንም ሲል ይሰሙት ነበር፤ ተሳስቻለሁ ለማለትም አያፍሩም ነበር። በስልካችሁ የምታዩት መምህር ያልተሳካለትን ነገር ተናግሮ ያውቃል ወይ? ካልተናገረ ተጠራጠሩት።

ቤታችሁ ውስጥ ደግሞ እንደ ካስቱርባ አልጋው አጠገብ ቆማ እውነቱን የምትናገር ሰው ካለች ስሟት።

በሚቀጥለው እስክንገናኝ ጤና ይስጠን። ሻሎም!